ከዳር የተቀጠፈ እሸት

በ1957 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጽጌ ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎታል። አደይ ልትረግፍ ትንሽ ቀርቷት ነበር፤ የጥቅምት ብርድም ጀምሯል። ስምንት ዓመቴ ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ ከገበያ አንድ እስር የባቄላ እሸት ገዛሁ። ቤት አምጥቼ ከነቅርፊቱ እሳት ላይ ጣል ሳደርገው ያ ሽታ ወጣ፤ የተለበለበ ሣር፣ እርጥብ አፈር፣ ወተትም የሚመስል ነገር አለበት። ልጆቼ ቀማምሰው ወደየጉዳያቸው ሄዱ። እኔ ምድጃው ዳር ቆየሁ። ያን ጥቅምት ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች። ደብረ ማርቆስ ያለችው ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ እሷም የአባቴ የስፌት መኪና፣ የእናቴ አልጋና ጠያቂ ሞልተዋታል። ስለዚህ ወደ ክርስትና እናቴ፣ ወደ እማማ ጥሩነሽ፣ ላኩኝ። እስከ አምበር ከተማ አባቴ በጭነት መኪና አደረሰኝ። ከዚያ የእማማ ባል አያ ደምሴ በበቅሏቸው አፈናጠው ወሰዱኝ። ሁለቱ ልጅ አልወለዱም። ከበቅሎዋ ሲያወርዱኝ አያ ደምሴ፣ «ልጃችን መጣች፤ ድስቱን አስፊው» አሉ።

ከተማ ያደግሁ ስለሆንሁ የማላውቀው ብዙ ነበር። የማልጠይቀው ግን አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ ሣሩ በሙሉ ነጭ ነው። ጤዛ ነው አሉኝ። ዝናብ ሳይዘንብ ከየት እንደመጣ ግን የነገረኝ የለም። በክረምት ደፍርሶ የነበረው ወንዝ ጠርቶ ከሥሩ ያሉት ድንጋዮች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ አያ ደምሴ እፍኛቸውን ሞልተው ሲያጠጡኝ ውሃው ጥርስ ያማል። ፀሐይ ከፍ ስትል ከቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፈን እንሞቃለን። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ተመስገን ጌታዬ፤ አሳልፈኸን ለዚህች ፀሐይ አበቃኸን» ይላሉ። ፀሐይ በየቀኑ የምትወጣ ነገር ስትሆን ለምን እንደሚመሰገንባት አይገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል።

አጥሩ ላይ ደግሞ የመስቀል ወፎች ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ ከድንቢጥ የማይለዩት ወፎች ለመስቀል እንዲህ ቀይ ሆነው ወጡ ብለው ሲነግሩኝ ገረመኝ።

«ማን ሰፋላቸው?» አልሁ።

«አባትሽ ነዋ» አሉ አያ ደምሴ። «ለመስቀል አድርስልን ብለው ክረምቱን ሙሉ ሲጨቀጭቁት አላየሽም?»

አመንሁ። ቤት ስመለስ ቀዩን ጨርቅ የት እንደደበቀው አባቴን ልጠይቀው ወሰንሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ባቄላው ነው። ማሳው ከቤቱ በታች፣ ከመንገዱ ጋር ተያይዞ ይገኛል። አንዳንዱ ገና አበባ ነበር፤ ነጩ አበባ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። አንዳንዱ ደግሞ ለእሸት ደርሷል። የመጀመሪያ ቀን እማማ አንድ ቅርፊት ከፍተው አሳዩኝ። ውስጡ ነጭ ለስላሳ ጸጉር ለብሷል፤ አራቱ ፍሬ በዚያ ላይ ተኝተዋል። ወንድሜን ያየሁት እንዲሁ ተጠቅልሎ ነበር።

«ክርስትና ሳይነሱ ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

እማማ ሳቁ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ።

አከፋፈታቸውም ልዩ ነበር። ሌላ ሰው እሸት የሚፈለፍለው ከግንዱ ጋር በተያያዘበት በኩል ነው። እማማ ግን ሹሉን ጫፍ፣ ጅራቱን፣ በፊት ጥርሳቸው ነከስ ያደርጉና ወደ ላይ ይሰነጥቁታል።

«እናታችን እንዲህ ነው ያስተማረችን» አሉ። «በዚህ በኩል ሲከፈት ፍሬው ዘሎ አይወድቅም።»

«ያስተማረችን» ሲሉ ከእርሳቸው ሌላ ማን እንደተማረ አልጠየቅሁም። በዚያ ወር ሳልጠይቅ ያለፍሁት እሱን ብቻ ነው።

ፍሬውን እየፈለፈሉ ለእኔ ሰጡኝ። እርሳቸው አንዲት ፍሬ አልቀመሱም። በማግስቱም፣ በሠልስቱም እንዲሁ። ጽጌን ይጾሙ ስለነበር ነገሩን በጾም አሰብሁት።

«እማማ፣ እሸት ያስገድፋል እንዴ?»

«ኧረ አያስገድፍም። ባቄላ እኮ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይቀምሱም?»

«ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«ማንን?»

«አንች ልጅ፣ አፍሽ ሲበላ እንኳ አያርፍም?» አሉና ተነሱ። ከደጃፉ ቆመው ከማዶ የሚመጣውን መንገድ አዩ። ይህን ሁልጊዜ ያደርጉ ነበር። እንስራ አውርደው ያያሉ፤ ልብስ አጥበው ሲያሰጡ ያያሉ። ከመንገዱ በላይ ሰማዩ ስላለ ደመና የሚጠብቁ መሰለኝ፤ በረዶ ወርዶ ባቄላውን እንዳያረግፈው ይሰጋሉ ብዬ እኔም አብሬ ሰማዩን አይ ነበር።

አያ ደምሴ ከመንገዱ ዳር ከፍ ያለች ማማ ሠሩልኝ። ከከተማ የመጣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮና አንድ ዱላ ሰጡኝ።

«ጦጣ ሲመጣ ቆርቆሮውን ምቺ። ላም ከገባች ጩኺ። በቃ ይኸው ነው ሥራሽ።»

በሕይወቴ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ሦስት ቀን ዓይኔን ከማሳው ሳላነሳ ጠበቅሁ። አንድም ጦጣ አልመጣም። ላሞቹም ሌላ ቦታ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ስጸልይ፣ እግዚአብሔር አንድ ጦጣ እንዲልክልኝ ለመንሁት።

በአራተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰው መጣ።

ሴት ነበሩ። ከማዶ፣ በዚያው እማማ በሚያዩት መንገድ መጡ። ጀርባቸው ላይ ትንሽ ጥቅል አዝለዋል፤ እግራቸው እስከ ባታቸው አቧራ ለብሷል። እኔን አላዩኝም። ከማሳው ዳር ቆመው ወደ ቤቱ ተመለከቱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ መልሰው ፈቱት፤ እንደገና አስተካከሉት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ሁለት ቅርፊት እሸት ቀጠፉ።

ቆርቆሮዬን እንዳለ ኃይሌ መታሁት።

«ሌባ! ከሰው ማሳ ሂጂ!»

ሴትዮዋ ደንግጠው ቀና አሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው ተፈታ።

«ምነው ልጄ፣ መንገደኛ ነኝ። ከዳር ነው የቀጠፍሁት።»

«ዳሩም ማሳ ነው።»

ሳቅ አሉ። «የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም መቼም። የማን ነሽ?»

«የዚህ ቤት ልጅ ነኝ።»

ሳቃቸው ቆመ። «የጥሩነሽ?»

«አዎ።» ልጃችን ስለሚሉኝ ውሸት አልመሰለኝም።

«ጠብቂ ያለችሽም እሷ ናት?»

«አዎ።»

«ከምን?»

እዚህ ላይ «ከጦጣ» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን አራት ቀን ሙሉ ከማማ ላይ ሆኜ ከጦጣ ነው የምጠብቀው ማለት ሥራዬን አሳነሰብኝ።

«ማንንም እንዳታስበይ ብለውኛል» አልሁ።

«ማንንም?»

«ማንንም። የመጣ ቢመጣ።»

ቀስ ብለው፣ «ይህን ስትልሽ ወዴት እያየች ነበር?» አሉኝ።

ከጠየቁኝ ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን በደንብ አውቀዋለሁና።

«ወደዚያ» ብዬ የመጡበትን መንገድ በዱላዬ አመለከትሁ። «ሁልጊዜ ወደዚያ ነው የሚያዩት።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱን ቅርፊት ከፍተውት ነበር፤ ግን ፍሬውን አልበሉም። ሁለቱንም ከመንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡ፤ ዕቃ ለባለቤቱ የሚመልሱ ይመስል ነበር። ጥቅላቸውን አጥብቀው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ወረዱ። ወደ ኋላ አልተመለከቱም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱን ቅርፊት ይዤ ሮጥሁ። እማማና አያ ደምሴ ከደጃፍ ተቀምጠዋል።

«ሌባ አባረርሁ!» አልሁ። «ሴት ናት። የሰረቀችውን አስጥያታለሁ፤ ይኸው።»

አያ ደምሴ ሊስቁ ጀምረው ነበር። እማማ ግን የተከፈተውን ቅርፊት ከእጄ ወስደው አገላበጡት። ጅራቱ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረበት።

«ውዴ ናት» አሉ። «እህቴ መጥታ ነበር።»

ያን ምሽት ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛውን አያ ደምሴ ነገሩኝ። በእሸት ጊዜ መንገደኛ ከማሳ ዳር ቀጥፎ ቢበላ ማንም አይናገረውም። የፈለገውን ያህል ይብላ። ይዞ የሄደ ነው ሌባ የሚባለው። «አንች የከተማ ልጅ፣ ይህን ማን ይንገርሽ» አሉኝ። በእኛ ሰፈር የሰው ጓሮ አጥር አለው፤ ያጥሩን ቅጠል የነካ ልጅ ይገረፋል። እኔ የማውቀው ያንን ነበር።

ሁለተኛውን የነገሩኝ እማማ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት እናታቸው ያረፉት በክረምት፣ ወንዝ በሞላበት ጊዜ ነበር። ውዴ የተዳሩት ወደ መርጡለ ማርያም በኩል፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ነው። ወንዙ አግዷቸው ለቀብሩ አልደረሱም፤ የደረሱት በተዝካሩ ቀን ነው። እማማ በሐዘን ተቃጥለው በሰው ፊት፣ «ለለቅሶው ያልደረስሽ ለመብሉ ደረስሽ?» አሏቸው። ውዴ እህል ሳይቀምሱ ተመልሰው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

«ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ወደዚያ ለሚሄድ ቄስ፣ ባቄላው ደርሷል፣ መጥተሽ እሸት ቅመሺ በላት ብዬ ላክሁ» አሉ እማማ። «ይቅርታ ማለቴ እንደሆነ ታውቀዋለች። እሷ ሳትቀምስ እንዳልቀምስም ለራሴ ቃል ገባሁ።»

ደመና የሚጠብቁ የመሰለኝ ለዚያ ነበር።

«ይሂዱና ይፈልጓት» አሏቸው ባላቸውን። «የከተማ ልጅ ናት፣ ወጉን አታውቅም ይበሏት።»

አያ ደምሴ ሄደው ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። ውዴ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካሉ መነኩሲት ቤት አርፈዋል።

«እምቢ አለችኝ» አሉ። «ጤዛው ሲነሳ ወደ አገሬ እመለሳለሁ ነው የምትለው።»

«የልጅ ነገር ነው አላሏትም?»

«ነገርኋት እንጅ። ልጅ የሰማችውን ነው የምትናገረው አለች። ማንንም እንዳታስበይ፣ የመጣ ቢመጣ፣ ብለሽ አዝዘሻታል አሉ። ያውም መንገዷን እያየሽ።»

«እኔ?» እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ብርቄ፣ ምን አልሻት?»

ፊታቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ እናገር ይሆናል። ያስፈራኝ ዓይናቸው እንባ ማቅረሩ ነው።

«ሂጂ ብቻ ነው ያልኋት» አልሁ።

እማማ የተከፈተውን ቅርፊት ከመሬቱ ላይ አኖሩት። «እንግዲህ ሰበብ መፈለጓ ነው። ልቧ አልተፈታልኝም። እኔም እግሯን ይዤ አልጎትታትም» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

እኔም ተኝቼ አሰብሁ። ውዴ እማማ አስከለከሉኝ ብለዋል፤ እማማም ውዴ ሰበብ ፈጠሩ ብለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ልክ የሆነውን የማውቀው በዚያ አገር እኔ ብቻ ነበርሁ። ጦጣ ስለለመንሁ እግዚአብሔርን ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ለዋናው ጥፋቴ፣ ለውሸቴ፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ እንደቀረሁ ታወቀኝ። እሱ በጸሎት ብቻ የሚያልቅ አልነበረም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። ጤዛው ቁርጭምጭሚቴን አረጠበው። ማሳው ገብቼ እሸት የያዘውን ባቄላ ከነሥሩ ነቀልሁ፤ ክንዴ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥሁ።

ውዴ ከመነኩሲቷ በር ላይ ጥቅላቸውን እያሰሩ ነበር። መነኩሲቷ ከጎናቸው ቆመዋል። አቅፌው የመጣሁትን ባቄላ ከእግራቸው ሥር ጣልሁት። ትናንት «አንች» ነበር ያልኋቸው።

«እርስዎን ዋሸሁ» አልሁ። «እማማ ከጦጣ ጠብቂ ነው ያሉኝ። ማንንም እንዳታስበይ ያልሁት እኔ ነኝ። ከራሴ ነው።»

ውዴ እጃቸው ቆመ። «ማታ ነው ይህን ያስጠኑሽ?»

«አላስጠኑኝም። እሳቸው አያውቁም። ማታም ለእሳቸው ዋሸሁ።»

«መንገዱን ታያለች አላልሽኝም?»

«ያያሉ። እኔ ደመና የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። ለካ እርስዎን ነው።» ትንፋሼ ስላልበቃኝ ቆም አልሁ። «እሸቱን እስካሁን አልቀመሱም። ለእኔ ይፈለፍላሉ፤ በጅራቱ በኩል ነክሰው። አንድ ፍሬ ወደ አፋቸው አያስገቡም። ያስገድፋል እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ሰው እየጠበቅሁ ነው አሉ።»

ውዴ ወደ መነኩሲቷ ዞሩ፤ ከዚያ ወደ ባቄላው።

«አልቀመሰችም?»

«አልቀመሱም።»

ቁጭ አሉ። ጥቂት ጊዜ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እማማ ሲስቁ እንደሚያደርጉት ስለነበረ የሳቁ መስሎኝ ጠበቅሁ። ነጠላውን ሲያነሱት ግን ፊታቸው ርሷል።

መነኩሲቷ፣ «ይህን ሁሉ ነቅለሽ ያመጣሽው ብቻሽን ነው?» አሉኝ።

«ስንቅ እንዲሆናቸው ብዬ።»

ውዴ ተነሱ። ነጠላቸውን አደገደጉና ባቄላውን ከመሬት ሰብስበው ታቀፉት። «ከማሳ የወጣ እሸት ይዤ መንገድ ላይ ብገኝ ሰው ምን ይለኛል? ሌባ ነው የሚለኝ። ትናንት አንዴ ተብያለሁ፤ ይበቃኛል።» ከዚያ በእጃቸው ጀርባ ትከሻዬን ገፋ አደረጉኝ። «ነይ ቅደሚ። ወደ ቦታው እንመልሰው።»

እማማን ያገኘናቸው ከማሳው ዳር ነው፤ የተነቀለበትን ቦታ እያዩ ነበር። እህታቸውን ባቄላ ታቅፈው ሲያዩ የቆሙበት ቀሩ። መተቃቀፍ ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ውዴ ባቄላውን ሣሩ ላይ አኖሩ።

«ይኸው ሌባሽን ያዝሁልሽ» አሉ ወደ እኔ እያሳዩ። «ያንች ጠባቂ ናት።»

እማማ ጎንበስ ብለው ሁለት ቅርፊት ቀጠፉና አንዱን ለእህታቸው ሰጡ። ሁለቱም ጅራቱን ነከሱ። ቆመው፣ ሳይነጋገሩ፣ አራት አራት ፍሬ በሉ። ከዚያ እማማ፣ «ለመብሉ ደረስሽ ያልሁሽን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» አሉ። ውዴም፣ «ይቅር ብሎሻል። ቀጥፊልኝ፤ እርቦኛል» አሉ። መተቃቀፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔም ማታ የዋሸሁትን ለእማማ ተናገርሁ። አልቆጡኝም፤ ጆሮዬን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። ማማዬ ሥር ሄጄ ቆርቆሮውን አመጣሁና አፉን ወደ ላይ አድርጌ ከሁለቱ መካከል አስቀመጥሁት፤ የሚፈለፍሉት እሸት እንዲጠራቀምበት። አያ ደምሴ እሳት ሊያቀጣጥሉ ወጡ።

ከዚያ ባዶ እጄን ወደ ማማዬ ወጣሁ። ጤዛው እየተነሳ ነበር። በወዲያኛው ዳር፣ ከግራሩ ላይ፣ አንድ ጦጣ ወረደ። ግራና ቀኝ አየ፤ አንድ ቅርፊት ቀጠፈና ቁጭ አለ። አልጮህሁም። በየትኛው በኩል እንደሚከፍተው ለማየት ትንፋሼን ውጬ ጠበቅሁ።